ሰባት እልልታና ሦስት ሐይቆች

እኔን ሽርሽር አሰናዳ ብሎ ያዘዘኝ ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጣሊያን ነበር። ያገሬ ሰው ቢሆን አያዘኝም። በመጀመሪያ ነገር ያገሬ ሰው ሽርሽር የሚባል ነገር አያውቅም። ከቤቱ የሚወጣው ለቅሶ ሲኖርበት፣ ገበያ ሲውል ወይም ታቦት ሲነግሥ ነው። ተራራ ለማየት ብሎ ማን ይደክማል? ተራራው የት ይሄድበታል? ሁለተኛ ደግሞ ያገሬ ሰው እኔን ያውቀኛል።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ባሕር ዳር በገባ በዓመቱ ነው። ያዘዘኝም አንድ ካፒቴን ነው፤ ያን ጊዜ የሱ አስተርጓሚ ነበርሁ። አስተርጓሚ ስላችሁ ቋንቋ ያጠናሁ እንዳይመስላችሁ። ካፒቴኑ የሰፈረበት ግቢ እንጨት ልሸጥ ገብቼ፣ ወጥ ቤቱ ይበቃል ለማለት «ባስታ!» ሲለኝ እኔም «ባስታ!» ብዬ መለስሁለት፤ በዚያው ቀን ተሾምሁ። ከዚያ ወዲህ የተማርሁት ቢቆጠር ሠላሳ ቃል ቢሞላ ነው። አሥሩ የምግብ ነው፣ አምስቱ ስድብ ነው፣ በቀረው አገር አስተዳደርሁበት።

ሰው ግን ዓይኔን ማየት ተወ። ባንዳ ብሎ ፊት ለፊት የሚናገረኝ የለም፤ ብቻ ጠላ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል፣ ስወጣ ይቀጥላል። እንደ ድሮው «እንዴት ከረምህ?» የሚለኝ አብሮ አደጌ ስንሻው ብቻ ነበር። ስንሻው ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ በእግር ሁለት ሰዓት የምታስኬድ ቄጠማ ጊዮርጊስ የምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ውስጥ ያርሳል። ሚስቱ የፀነሰች ጊዜ ወደ ጎን ጠራኝና፣ «ወንድ ከወለደች የክርስትና አባቱ አንተ ነህ» አለኝ።

እኔና ባለቤቴ ይታይሽ አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ልጅ አላገኘንም። ስንሻው ይህን ያውቃል። ወደ ሐይቁ ዞሬ ተናፈጥሁ። ቤቴ እንደ ደረስሁ፣ «ይታይሽ፣ አባት ልሆን ነው!» አልኋት።

«ከማን?» አለችኝ፣ ማማሰያውን እንደያዘች።

ነገሩን አስረድቼ ማማሰያውን እስክታስቀምጥ ድረስ ጥቂት ጊዜ ወሰደ።

ታዲያ አንድ ቀን ካፒቴኑ ዓሣ አማረውና ከሰይድ ጋር በታንኳ ወጣሁ። ሰይድ የሐይቅ ዳር እስላም ነው፤ ደንገል የሚባለውን ረጅም የውኃ ሣር አስሮ ታንኳ ይሠራል፣ በዚያው ታንኳ ዓሣ ያጠምዳል፣ ነገር አያበዛም። ከስንሻው መንደር ፊት ለፊት ስንደርስ እልልታ ቀለጠ። መቼም ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። ጣቴን ዘርግቼ ቆጠርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆየት አለና አራት፣ አምስት፣ ስድስት። እንደገና ቆየት አለና ሰባት! ታንኳ ላይ መሆኔን ረስቼ ብድግ አልሁ። ታንኳ ላይ ብድግ አይባልም።

ሰይድ ከውኃው ጎትቶ ካወጣኝ በኋላ፣ «ሦስት ነው የሰማሁት» አለኝ።

«ሰባት ነው እንጂ!»

«ሦስት ብሎ አበቃ። የኋለኛው ድምፁ ሌላ ነው።»

«አንተ እስላም ነህ፤ የኛን ክርስትና በምን ታውቀዋለህ?»

«ክርስትናውን አላውቅም። ቁጥር ግን አውቃለሁ» አለና ታንኳውን መግፋቱን ቀጠለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በየማለዳው አንዳንድ ጠጠር ቅል ውስጥ እጥል ጀመር። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ አርባ ጠጠር ሲሞላ ቄጠማ ጊዮርጊስ መገኘት አለብኝ። ብቀር ልጁ ሳይጠመቅ አያድርም፣ ሌላ ሰው ያነሣዋል፤ እኔም በሰው ፊት የቀረችኝን አንዲት ክር በገዛ እጄ በጠስኋት ማለት ነው። ይታይሽ ማተቡን ገመደች፣ ለሕፃኑ የሚሆን ትንሽ ጋቢም ፈትላ አሠራች። «እስቲ ወንድ መሆኑን ሰው ልከህ ጠይቅ» ብትለኝ፣ «በጆሮዬ ቆጥሬ!» ብዬ ጮህሁባት። ቅሉን አየችና፣ «ሰፊ ነው፤ ሰማንያም ይይዛል» አለች። ያን ጊዜ ስለ ቅሉ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ መንገዱ ነው። ሰው በገዛ አገሩ ከከተማ ለመውጣት ወረቀት የሚለምንበት ዘመን ነበርና ካፒቴኑን ሦስት ጊዜ ለመንሁት። ከሠላሳው ቃሌ ውስጥ «የክርስትና አባት» የሚል የለም። አባት ልሆን ነው ለማለት ደረቴን እየመታሁ «ፓፓ! ፓፓ!» አልሁት። ካፒቴኑ ደስ ብሎት እጄን ጨበጠኝ፣ ብስኩት ሰጠኝ፣ ወረቀት ግን ከለከለኝ። በማግሥቱ ይታይሽን መንገድ ላይ አገኛትና ያልገፋ ሆዷን አየ፤ ከዚያ እኔን ክፉኛ አየኝ።

ጠጠሩ ሠላሳ አምስት በደረሰ ዕለት ካፒቴኑ አስጠራኝ። ከጎንደር አንድ ኮሎኔል ይመጣል፤ ኮሎኔሉ አገር ማየትና ፎቶ ማንሣት ይወዳል፤ ስለዚህ ለግማሽ ቀን በመኪና የሚዞርበት፣ ተራራና ሐይቆች የሚያይበት መንገድ አሰናዳ አለኝ። «ሐይቆች» ሲል ሦስት ጣቱን አወጣ።

ባሕር ዳር ያለን ሐይቅ አንድ ነው። እኔ ግን ያየሁት ሐይቁን አይደለም፤ ቄጠማ ጊዮርጊስን ነው። «ሦስት አለ!» አልሁ። እግዜር ራሱ መኪና ልኮልኛል፤ ለሁለት ሐይቅ ብዬ ልመልሰው?

ካፒቴኑ ጉዞው ሰኞ ይሁን አለ። አርባኛው ቀን ሐሙስ ነው። ሰኞ ተራራው ጉም ይለብሳል አልሁት። ማክሰኞስ? ማክሰኞ ጉማሬው መንገድ ላይ ይተኛል። ረቡዕስ? እንግዲህ ምክንያት አለቀብኝና ረቡዕ ጾም ነው አልሁት። «ተራራው ይጾማል?» ብሎ ጠየቀኝ። «በኛ አገር ይጾማል» አልሁት። ሐሙስ ሆነ።

ካርታ ሣል ተባልሁ። በዱቄት ከረጢት ጀርባ ላይ በከሰል ሣልሁት። ስንት ኪሎሜትር ነው ሲለኝ፣ «ከቁርስ እስከ ምሳ» አልሁት፤ እኔ መንገድ የማውቀው በእግርና በበቅሎ ነው። ካርታዬ ላይ ጥላ ያለው ዋርካ፣ የሚጠጣ ምንጭ፣ ክፉ ውሻ ያለበት ቤት ሁሉ በየቦታው አለ። መኪናዋ የምታልፍበት መንገድ ብቻ የለም። ካፒቴኑ አገላብጦ አየው፣ ዘቅዝቆም አየው፣ ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰውዬው ደግ ነው እላለሁ አንዳንዴ፤ ወይም ሞኝ ነው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ቀድመን እንድንወጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ክርስትናው ከቅዳሴ በፊት ነዋ። ለነሱ ግን ተራራ የሚያምረው ማለዳ ነው ብዬ ነበር። ኮሎኔሉ ሆዳም፣ ሣቂታ ሽማግሌ ነው፤ ከፊቱ ማስታወሻ ደብተር፣ ካንገቱ ካሜራ አይለይም። ሾፌራችን በርሄ የሚባል ያስመራ ልጅ ነበር። እኔ ማተቡን በኪሴ፣ ጋቢውን በጉያዬ ይዤ፣ እህል ሳልቀምስ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ላይ ወጣሁ። ገና ስትነሣ «ወይኔ እናቴ!» ያለው ሌላ ሰው ነው ብዬ ዞሬ ፈለግሁ።

መጀመሪያ በሰባታሚት በኩል ካለው ኮረብታ ላይ አወጣኋቸው። ከሥር ሐይቁ ጠሐይ አርፎበታል። «ጣና!» አልሁ። ኮሎኔሉ ጻፈ። ተመልሰን በከተማው በኩል አልፈን ወደ ምዕራብ ሄድንና ዋርካዎቹ ሥር ስንደርስ በቅጠሉ መሃል ውኃ ታየ። «ይኸስ?» አለኝ ኮሎኔሉ። ቶሎ የመጣልኝን ስም ጠራሁ፦ «ሐይቀ ይታይሽ!» ኮሎኔሉ ፊደል በፊደል አስደግሞ ጻፈው። ካፒቴኑ ዘወር ብሎ አየኝ፤ እኔ ሰማይ አየሁ።

እንዲህ እያልን በደህና እንሄድ ነበር፤ ያላሰብሁት ግን ቤተ ክርስቲያኑን ነው። የጣና ዳር ደግሞ ኮረብታው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። በበቅሎ ቢሆን ወርጄ ተሳልሜ አልፍ ነበር፤ በመኪና እንዴት ይደረጋል እያልሁ ሳስብ በርሄ ለካ ከኔ የባሰ ነው። ገና ጉልላቱ ሲታየው መኪናዋን ያቆማል፣ ይወርዳል፣ ኮፍያውን አውልቆ ሦስት ጊዜ ይሰግዳል። እኔም ካልሁበት ዘልዬ ወርጄ አብሬው እሰግዳለሁ። ካፒቴኑ «ምንድን ነው?» ብሎ ሲጮህ፣ «ሞተሩ ውኃ ጠማው» አልሁት።

በርሄ ቀስ ብሎ፣ «ሞተሩ እኮ አልጠማውም» አለኝ።

«አሁን ብያለሁ፤ አጠጣው!»

ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ላይም አጠጣነው። ሦስተኛው ላይ አፉ ድረስ ሞልቶ ይፈስ ጀመር። አራተኛው ላይ ኮሎኔሉ ራሱ ባልዲውን አቀበለን። በዚህ መሃል ጠሐይዋ ከፍ አለች፤ እኔ ቅዳሴው አለቀብኝ እያልሁ ጣቴን እነክሳለሁ። ኮሎኔሉ ሲያየኝ የራበኝ መስሎት ዳቦ በአይብ ዘረጋልኝ። አልበላም አልሁት። በዓይኔ ግን በላሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የቄጠማ ጊዮርጊስ ዛፎች ሲታዩኝ ልቤ ከመኪናዋ ቀድማ ሮጠች። «ሦስተኛው ሐይቅ! ሐይቀ ስንሻው! በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል!» እያልሁ በርሄን ከመንገድ አስወጥቼ በሜዳው አቋረጥሁት። በቅሎ ታልፈዋለች ያን ሜዳ። መኪናዋ ግን ክረምቱ ያልለቀቀው ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ገባች። በርሄ ሞተሩን ሲያስጮኸው ደግሞ እስከ ደረቷ ገባች።

የመኪናውን ጩኸት የሰማ መንደር ታዲያ ምን ያደርጋል? ሸሸ። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ካህኑ፣ ፍየሉ ሳይቀር ደንገሉ ውስጥ ገባ። የሐይቁ ዳር ሁሉ ጭው አለ። ያን ጊዜ አፈርሁ። ሰው በሰላም ባለበት ቀዬ ጣሊያን ጭኜ የመጣሁት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ «በሬ ላምጣ!» ብዬ ጋቢውን ታቅፌ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በረርሁ።

ደጀ ሰላሙ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የስንሻው እናት እማሆይ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እርስዎ አልሸሹም?» አልኋቸው፣ እያለከለክሁ።

«ለጣሊያን ብዬ አልሮጥም። ጉልበቴን ለስግደት ነው ያቆየሁት» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ የሱ ምላስ አይደለህም?»

«ነኝ፤ እማሆይ። ክርስትናው አለፈ እንዴ?»

«የማን ክርስትና?»

«የልጅዎ ልጅ! የስንሻው ወንድ ልጅ! ዛሬ አርባ ቀኑ አይደለም?»

«ስንሻው ወንድ ልጅ ከወለደ ለኔም አልነገረኝ» አሉ። «ሴት ናት። ሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ አርባ ይቀራታል።»

«ሰባት እልልታ ቆጥሬ!»

እማሆይ አሰብ አደረጉ። «ሦስቱ የኛ ነው። ከዚያ እህቴ ከዱርቤቴ ደረሰችና ሴት ናት ብንላት እሷም በፈንታዋ ሦስት አለች። አንዷን ደግሞ እህቴ መጣችልኝ ብዬ እኔ ነኝ ያልኋት።»

ሦስትና ሦስት ስድስት፣ አንድ ሰባት። ሰይድ ልክ ነበር። በአርባ ቀን ቀድሜ መምጣቴ አይደለም ያቃጠለኝ፤ ሴት ልጅን የምታነሣት የክርስትና እናት ናት፤ አባት አያስፈልጋትም። ነገም ብመጣ፣ ከነገ ወዲያም ብመጣ ቦታ የለኝም። ከእማሆይ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። እንባዬ መጣ። በዚያ ላይ ባዶ ሆዴን ነኝ፤ ያን አይብ ብበላው ኖሮ!

እማሆይ እጃቸውን ወደ ጉያዬ ሰደዱ። «ይኸ ጋቢ የማን ነው?»

«የሱ ነበር። የሷ።»

ጫፉን በጣታቸው አሹት። «ማን ፈተለው?»

«ይታይሽ። ማተቡንም እሷ ናት የገመደችው።»

«እሷም ልጅ የላትም» አሉ፤ መጠየቃቸው አልነበረም። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ደንገሉ ተጣሩ፦ «ስንሻው! ውጣ! ጣሊያን አይደለም፣ ሞኝ ነው!»

ደንገሉ ተንኮሻኮሸና ስንሻው እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ብቅ አለ። ነገሩን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ፤ ጭቃው ፊቴ ላይ እስኪረጭ ድረስ ሣቀ። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሣቅሁ። እማሆይ ብቻ አልሣቁም። «ለልጅቱ የክርስትና እናት አላሰባችሁም ነበር። ይታይሽ ታንሣት» አሉ ለልጃቸው። ወደኔ ዞሩና፣ «አንተ ደግሞ በሰማንያው ሚስትህን ይዘህ ና። በእግርህ! ያን ነገር ዳግመኛ ሜዳዬ ላይ አላየውም» አሉኝ።

ስንሻው ሁለት ጥማድ በሬ አመጣ፤ ሰዉም አንድ በአንድ እየወጣ መኪናዋ ስትጎተት ለማየት ከበበ። እንዲያ ያለ ሣቅ መንደሩ ከሰማ ቆይቶ ነበር። ኮሎኔሉ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በሬዎቹን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አነሣ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ሐይቁ አዞረና እጁ ቆመ። «ያችን ደሴት» አለ፣ «ማለዳ ጣና ላይ አየኋት። ሐይቀ ይታይሽ ላይም አየኋት።»

በርሄ አንገቱን ደፋ። ካፒቴኑ እጁን አጣምሮ መልሴን ጠበቀ።

«እሷ ትንሳፈፋለች» አልሁ። «ደንገል ናት። እኛን ተከትላ ነው የመጣች።»

ኮሎኔሉ ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ከሆዱ ሣቀና ደብተሩ ላይ ጻፈ። ምን ብሎ እንደ ጻፈ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ሽርሽር በሕይወቴ አላየሁም ብሎ የካፒቴኑን ጀርባ መታ መታ እንዳደረገ ግን አውቃለሁ። ካፒቴኑ ከተማ ስንገባ ጠራኝና ሌላም እንግዳ ይመጣልና ሌላ መንገድ አሰናዳ አለኝ። ዕድሌ ዛሬ ነው ብዬ፣ በመኪና ከመሄድ በፊት መንገዱ በእግር መጠናት እንዳለበት፣ ጭቃውንም ሁለት ሰው ሆኖ መርገጥ እንደሚያስፈልግ፣ ሁለተኛዋም ሚስቴ እንደሆነች በሠላሳ ቃሌና በሁለት እጄ አስረዳሁት። ጭቃውን በዓይኑ ስላየ አመነኝ። ወረቀቱ ላይ ለሁለት ሰው ብሎ፣ የጉዞው ምክንያት «ፓኖራማ» ብሎ ጻፈልኝ። ሠላሳ አንደኛ ቃሌ ይኸ ነው፤ አገር ማየት ማለት ነው።

ቤቴ ገብቼ ሁሉንም ለይታይሽ ነገርኋት። ጩኸቴን ይቅር በይኝ አልኋት። እሷ ግን የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ?» አለች። «እኔ ላንሣት?» በማግሥቱ ማለዳ ጠጠሩን ቅሉ ውስጥ የጣለችው እሷ ናት፤ ከዚያም ወዲያ ለኔ አልሰጠችኝም።

በሰማንያው ቀን በእግራችን ወጣን። ኬላው ላይ ዘበኛው ወረቀቱን አየና ይታይሽን፣ ጃንጥላዋንና የተቋጠረውን ጋቢ አየ። «ፓኖራማ?» አለኝ። «ፓኖራማ» አልሁት። አሳለፈን። ሐይቁ ዳር ሰይድ አዲስ ታንኳ ያስር ነበር።

«ስንት ነበር?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ሦስት። ይቅር በለኝ።»

«ለክርስትናው ነው?» ብሎ ሁለት ትኩስ ዓሣ በደንገል አስሮ ሰጠን።

ዋርካዎቹ ሥር ስንደርስ ይታይሽን አስቁሜ በቅጠሉ መሃል ውኃውን አሳየኋት። «በጣሊያን ደብተር ያ ሐይቅ በስምሽ ነው የተጻፈው» አልኋት። «ሂድ ወዲያ፤ ቅዳሴው ይደርሳል» አለችኝ፤ ግን ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሕፃኗን ያቀፈችው እሷ ናት፤ ማተቡም የታሰረው በገመደችው ክር ነው። እኔ ጃንጥላዋን ይዤ ደጅ ቆሜያለሁ። ሰዉ አጠገቤ ቆሟል፤ አንዱም «እንዴት ከረምህ?» አለኝ። ልጅቱ ተጠምቃ ስትወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ልማድ ሆኖብኝ ጣቴን ዘርግቼ ቆጠርሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሴቶቹ ዝም አሉ። ይታይሽ ግን ልጅቱን በጋቢው እንዳቀፈች፣ ጉንጯ በእንባ እንደራሰ፣ ብቻዋን ቀጠለች። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። የዚያን ቀኑ ሰባት ነው፤ ሰይድም ቢመጣ አይከራከረኝም።